ከአንድ ግንድ የወጡ አሥራ ሁለት በርጩማዎች

ነገሌ ቦረና የገባሁት በጭነት መኪና፣ የመሣሪያ ሣጥኔን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ነው። ሹፌሩ ሣጥኑን ከኋላ ከጨው ጆንያው ጋር እንዳደርገው ሦስት ጊዜ ለመነኝ፤ ሦስቴም እምቢ አልኩት። ውስጡ ሁለት መላጊያ፣ አምስት መሮ፣ አንድ የቀጥታ ማዕዘን መለኪያ ስኳድራና ከማሠልጠኛ ስመረቅ የተሸለምኩት መጋዝ ነበሩበት። ዕድሜዬ ሃያ ሦስት ነበር፤ ትዕቢቴ ግን ከእኔ ቀድሞ የተወለደ ይመስል ነበር። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። የተላክሁትም የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ቀላል የእንጨት ሥራ እንዳስተምር ነበር።

ይህን ሥራዬን ለአባቴ በግልጽ ነግሬው አላውቅም። ደብዳቤ ስጽፍለት «መምህር ሆኛለሁ» እላለሁ እንጂ ምን እንደማስተምር አልጠቅስም። እኔ ባደግሁበት አገር እንጨት የሚጠርብና ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው በጎሪጥ ይታያል፤ የሠራውን ዕቃ እየፈለጉ ራሱን ይሸሹታል። ማሠልጠኛ ገብቼ መላጊያ ጣውላ ላይ ሲንሸራተት የሚያሰማውን ድምፅ ከሰማሁ ወዲህ ግን ሌላ ሥራ አላማረኝም። እወደው ነበር፤ አፍርበትም ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

ለትምህርቱ የተሰጠኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ፣ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነው። ከረፋዱ አምስት ሰዓት በኋላ እዚያ ውስጥ መቆም ራሱን የቻለ ቅጣት ነበር። እኔ ግን በገባሁ በሳምንቱ ጠራርጌ፣ አራት የሥራ ጠረጴዛ ገጥሜ፣ መሣሪያዎቹን በየምስማራቸው ሰቅዬ፣ በሩ ላይ ቆሜ ሳየው ቤተ መንግሥት የተሾምኩ ያህል ተሰማኝ።

ስምንተኛ ክፍል ሃያ አራት ተማሪዎች ነበሩ። ገሚሶቹ ከተማው ውስጥ ካለው የጦር ሰፈር የሚመጡ ልጆች ናቸው፤ አባቶቻቸው ከጎጃም፣ ከትግራይ፣ ከወለጋ፣ ከሐረር ተመድበው የመጡ። የቀሩት የከተማው ነጋዴዎች ልጆችና ከሊበን ገጠር መጥተው ዘመድ ቤት ተጠግተው የሚማሩ ነበሩ። በአማርኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ የሚያልቅ ወሬ መስማት የተለመደ ነው። እኔም «አካም» ስባል «ናጋ» ማለትን በሁለተኛው ወር ለመድሁ። የቤት አያያዝ አስተማሪ ስላልተመደበ አራቱ ሴቶች ልጆችም ከወንዶቹ ጋር እንጨት ሥራ ገቡ።

ከአራቱ አንዷ የሃምሳ አለቃ ልጅ ነበረች፤ ነገር የማታሳልፍ፣ አፏ እንደ እጇ የፈጠነ። ከሊበን ከመጣ አንድ ዝምተኛ ልጅ ጋር አጣመርኳት። እሷ ስታወራ እሱ ይሠራል ብዬ ነበር፤ ለካ እያወራችም ትሠራለች። የኔ ሕግ አንድ ነው። ስኳድራዬን የተላገው እንጨት ላይ አቆምና በመካከሉ ብርሃን ካሳለፈ «ብርሃን አየሁ! ይደገም!» እላለሁ።

አንድ ቀን ያቺ ልጅ «ጋሼ፣ ይቺን ቀዳዳ ከእርስዎ ሌላ ማን ያያታል?» አለችኝ።

«እኔ አይቻታለሁ፤ ይበቃል» አልኳት።

ከዚያ በኋላ በዕረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ አንዱ ሌላውን በነገር በያዘ ቁጥር «ብርሃን አየሁ!» ሲባባሉ እሰማ ነበር። ድምፄን አስመስለው ነው። የተቆጣሁ እመስላለሁ እንጂ ደስ ይለኝ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ከወደራ በኩል የዝግባ ጣውላ መጣልን። ሁለት ሁለት ሆነው አሥራ ሁለት ባለ አራት እግር በርጩማ እንዲሠሩ አዘዝኩ። ጣውላው ከመጋዝ የወጣ በሳምንቱ ነው፤ ስትነካው ይቀዘቅዛል። እንጨት ከመሠራቱ በፊት ደርቆ ማረፍ እንዳለበት ማሠልጠኛ ተምሬያለሁ፤ ነገር ግን የተማርኩት ደጋ ላይ ነው። እዚያ አንድ ወር ያቆየነው ጣውላ ምንም ሲሆን አይቼ ስለማላውቅ፣ እዚህም ሥራው እየተሠራ ያርፋል ብዬ ቸኮልኩ። ልጆቹ ጥር ማለቂያ ላይ ጨረሱ። መጋጠሚያዎቹ አንድም ብርሃን አያሳልፉም ነበር። ክፍሉን ቆልፈን ለመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ተበተንን።

የካቲት ላይ ከዕረፍት ስንመለስ ርዕሰ መምህሩ የወላጆች ኮሚቴ አባላትን ይዞ መጣ። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም። በታችኞቹ ክፍሎች ሰባ ሰባ ልጅ አጭቆ የሚያስተምር ሰው ስለሆነ የእንጨት ሥራ ቤቴን በዓይኑ ይለካ ነበር እንጂ ሥራውን አይጠላም። ከኮሚቴው አንዱ የዚያች ልጅ አባት ሃምሳ አለቃው ነው፤ ወፍራምና ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው። በሩን በኩራት ከፈትኩና በርጩማዎቹን በእጄ አሳየኋቸው። ሃምሳ አለቃው «እስኪ የልጄን ሙያ ልየው» ብሎ የፊተኛው ላይ ዘፍ አለ።

የበርጩማው እግሮች በአራት አቅጣጫ ተበተኑ። ሃምሳ አለቃው ከነዩኒፎርሙ ወለሉ ላይ ተዘረረ።

ማንም አልሳቀም። በመስኮቱ በኩል የሚያዩ ተማሪዎች ነበሩ፤ ሴት ልጁም ከመካከላቸው ነበረች። አባቷ ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈና «ልጄ ግማሽ ዓመት የተማረችው ይሄንን ነው?» አለ። ሌሎቹን አስራ አንዱን በእጄ ነካካኋቸው። ሁሉም ይንገዳገዳሉ፤ አምስቱ መቀመጫቸው ተሰንጥቋል።

በማግሥቱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠርቶ ነገሩን ቁርጥ አደረገልኝ። ኮሚቴው የእንጨት ሥራ ቀርቶ ቤቱ መማሪያ ክፍል ይሁን ብሏል። «እኔ እስከ ወላጆች ቀን አቆየዋለሁ» አለኝ። «ሰኔ ላይ የክብር እንግዶቹ እናንተ የሠራችሁት ላይ ይቀመጣሉ። ከቆመ ትምህርቱ ይቀጥላል። ከወደቀ ቁልፉን ታስረክበኛለህ።»

ንዴቴን ይዤ ክፍል ገባሁና በልጆቹ ላይ አወረድኩት። ለክታችሁ አልቆረጣችሁም፣ አታላችሁኛል፣ አዋርዳችሁኛል አልኩ። ሃያ አራቱም አቀረቀሩ። ያ ዝምተኛው ልጅ ብቻ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ልኩ ልክ ነው። እንጨቱ ነው እርጥብ የነበረው» አለ።

«ውጣ!» አልኩት።

ወጣ። ሁሉም ከሄዱ በኋላ አንዱን በርጩማ ፈታትቼ በሜትር ለካሁ። መቀመጫው ውስጥ የሚገባው የእያንዳንዱ እግር ጫፍ፣ ምላሱ፣ ከየጉድጓዱ እኩል ሸሽቷል፤ የተሳሳተ ልኬት እንደዚህ እኩል አይሳሳትም። እንጨቱ ቆርቆሮው ሥር ባንድ ጊዜ ደርቆ ተኮማትሯል። ጥፋቱ የኔ ነበር። በማግሥቱ ልጁን በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። እንዴት እንዳፈርኩ አሁንም ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ በፊት ለተማሪ ይቅርታ ያለ መምህር አይቼ አላውቅም ነበር። እሱ የባሰ አፈረና «አያቴ ጋ እንሂድ፤ እሱ በርጩማ ይሠራል» አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት በእግራችን ወደ ሊበን ወጣን። አንዱን ውልቅልቅ በርጩማ ትከሻዬ ላይ አድርጌአለሁ። መንገድ ላይ ከብት የሚነዳ ሁሉ «ናጋ?» ብሎ እኔን ሰላም ይልና በርጩማዋን አይቶ ልጁን ይጠይቀዋል። ምን ብሎ እንደሚመልስ ባላውቅም ሁሉም እየሳቁ ነው የሚያልፉት።

አያትዬውን ከከብቶቹ በረት አጠገብ ግራር ጥላ ሥር አገኘናቸው። የተቀመጡበት በርጩማ ቅቤና ዘመን ያጠቆሩት፣ ባለ ሦስት እግር፣ ልስልስ ያለ ነገር ነው። ሰላምታው እንደ አገሩ ረዘመ፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጁ ትምህርት። ከዚያ በርጩማዬን ተቀብለው ገለበጡት፣ እግሩን ነቀነቁት፣ አንዱን እግር መዝዘው አወጡና አዩት። ለልጁ አንድ ነገር ተናገሩ። ልጁ ለመተርጎም አመነታ።

«ንገረው» አሉት በሚያውቋት ጥቂት አማርኛ።

«‹አንዱን ዛፍ ዘጠኝ ቦታ ቆርጣችሁ፣ መልሳችሁ አንድ እንዲሆን ለምን ትለምኑታላችሁ?› ይላል» አለኝ።

የሸለሙኝ መጋዝና የአምስቱ መሮዎቼ ክብር እዚያው ግራር ሥር ወደቀ። ቢሆንም ጆሮዬን ሰጠኋቸው። የሳቸው በርጩማ መቀመጫውም እግሩም ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው፤ መጋጠሚያ ስለሌለው የሚላቀቅ ነገር የለውም። ወዴሳ ቁረጡ አሉኝ፤ እኛ ዋንዛ የምንለው ነው። ግንዱን መሐል ለመሐል ፍለጡት፣ እምብርቱን በርጩማው ውስጥ አታስገቡት፣ ስንጥቅ የሚነሣው ከዚያ ነው። እርጥብ ሳለ ቅርጹን አውጡ፤ እርጥብ እንጨት ለስለስ ይላል። ከዚያ በደቀቀ የበረት እበት ቅበሩት። ፀሐይ እንጨቱን ከውጭ ብቻ ታደርቀዋለች፣ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ስለሚቀር ይቀደዳል፤ እበት ውስጥ ግን ውስጡና ውጭው አብረው ይደርቃሉ። ሲወጣ ቅቤ ቀቡት።

«ስንት ቀን ይቀበር?» አልኩ።

«እስኪበቃው» አሉኝ። ለእንደኔ ዓይነቱ ባለ ሜትር ይህ መልስ አይዋጥም። በልጁ በኩል ስለምናቸው ሳቁና ለትንንሾቹ ከአርባ ቀን እንዳያንስ አሉኝ።

የመጣሁበትን መኪና ሹፌር አስታውሼ ግንድ እንዲያመጣልኝ ለመንኩት። ከወደራ መልስ አንድ ትልቅ የዋንዛ ግንድ አምጥቶ ግቢያችን ውስጥ ሲያራግፍ «ይህንንም ጉልበትህ ላይ ላስቀምጥልህ?» ብሎ ቀለደብኝ። ከዚያ ግንድ አሥራ ሦስት ጉማጅ አወጣን። አሥራ ሁለቱ የልጆቹ፣ አሥራ ሦስተኛው የኔ። አያትዬው ሁለት ጊዜ መጡ። ልጆቹ መሐል ቁጭ ብለው ባንገተ ጎባጣ መጥረቢያቸው እንዴት እንደሚፈለፈል ያሳያሉ፤ እኔም ከልጆቹ እኩል ቆሜ እማራለሁ። የጦር ሰፈሩ ልጆች የገጠሮቹን «እንዴት ነው እንዲህ የምትይዘው?» እያሉ መጠየቅ ጀመሩ። ከዚያ በፊት ጠያቂዎቹ ሁልጊዜ የገጠሮቹ ነበሩ።

ከክፍሉ ጀርባ፣ ዝናብ እንዳይገባው ከክዳኑ ሥር ጉድጓድ ቆፈርን። ልጆቹ እበቱን ከከተማው ዳር ካሉ በረቶች በጆንያ እያመላለሱ በእጃቸው ያደቅቁ ነበር። ሃምሳ አለቃው የመጣው በዚህ ቀን ነው። ሴት ልጁ እጇን እስከ ክርኗ እበት ውስጥ ነክራለች።

«አንተ ሰውዬ!» አለኝ ከሩቅ። «እኔ ልጄን ፊደል ትቁጠር ብዬ እንጂ እበት ትዛቅ ብዬ አልላክሁም! ሴት ልጅ! የኔን ልጅ አናጢ፣ ደግሞ ባለ እበት አናጢ!»

በሌላ ጊዜ ቢሆን አፌን እከፍትበት ነበር። የወደቀበት ቀን ትዝ ብሎኝ ነው የታገሥኩት።

«ሃምሳ አለቃ፣ እርስዎን የጣለዎት በርጩማ የኔ ጥፋት ነው» አልኩት። «ይኼኛው ደግሞ የልጅዎ ሥራ ነው። እስከ ሰኔ ይታገሡኝ። ያን ጊዜ ከወደቀ ቁልፉን ራስዎ ይቀበሉኝ።»

«አባባ፣ ማንም አላዘዘኝም፤ እኔው ነኝ የፈለግሁት» አለች ልጅቷ፣ እጇን ሳታወጣ።

ሃምሳ አለቃው ተራ በተራ አየን፤ እኔንም እሷንም። «እስከ ሰኔ» ብሎ ሄደ።

አሥራ ሦስቱንም ቀበርን። እኔ አላስቻለኝም። በሃያኛው ቀን ልጆቹ በሌሉበት የራሴን ብቻ አውጥቼ አየሁት፤ አንድም ስንጥቅ የለውም። ደስ ብሎኝ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ምሳዬን በልቼ ስመለስ ከዳር እስከ ዳር ተቀዷል። በኋላ ልጆቹ ሲያዩት ያቺ ልጅ ጠጋ ብላ አይኗን ስንጥቁ ላይ አደረገችና «ጋሼ፣ ብርሃን አየሁ!» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

በአርባ አምስተኛው ቀን አያትዬው ባሉበት ጉድጓዱን ከፈትን። አንድ በአንድ እያወጡ አገላበጧቸው። አሥራ ሁለቱም ደህና ነበሩ። ልጆቹ በብርጭቆ ወረቀት ካለሰለሷቸው በኋላ ከየቤታቸው ባመጡት ቅቤ አሿቸው። የሃምሳ አለቃው ሚስት ቅቤዋ በምን እንደጎደለባት የገባት ዘግይቶ ነው አሉ። በመጨረሻም እያንዳንዱ ጥንድ በጋለ ምስማር ከበርጩማው ሥር የራሱን ምልክት ይተኩስ አልኩ። ምን እንደተኮሱ አላየሁም፤ ምልክቱ የነሱ ነው ብዬ ተውኩት።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ግቢው ሙሉ ሰው ነው። በርጩማዎቹ ከፊተኛው ረድፍ ተደርድረዋል፤ ቅቤ የጠጡ ስለሆኑ ፀሐዩ ላይ ያበራሉ። ርዕሰ መምህሩ ግን ለማንኛውም ብሎ ከጦር ሰፈሩ የተዋሳቸውን አሥራ ሁለት የብረት ወንበሮች ከግድግዳው ሥር አስደግፎ ነበር። የክፍሉ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው፤ እንዳላስረክብ እየጸለይኩ እጨብጠዋለሁ።

የወረዳው ሹማምንትና መኮንኖቹ ተቀመጡ። ምንም አልሆነም። ልጅቷ አባቷን እጁን ይዛ አመጣችና «አባባ፣ እዚህ ይቀመጡ» አለችው። ሃምሳ አለቃው በርጩማውን አየ። ቀጥሎ የብረት ወንበሮቹን አየ። ግቢው ሁሉ የየካቲቱን ነገር ያውቃል። ልጅቷ ከአጠገቡ አልተነቃነቀችም፤ እንደሱ ቀጥ ብላ ቆማለች። ሃምሳ አለቃው ጉልበቱን ይዞ፣ በቀስታ፣ እንደ አሮጊት ወረደ። ግማሽ ክብደቱን ጣለ። ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ቀሪውን ጣለና እግሩን ዘረጋ።

በርጩማው ድምፅ እንኳን አላሰማም።

መዝሙሩ ተዘመረ፣ ድራማው ታየ፣ ሽልማት ተሰጠ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ማንም ከፊተኛው ረድፍ አልተነሣም። ሲያበቃ ርዕሰ መምህሩ አጠገቤ መጥቶ ቁልፉን የያዝኩበትን እጄን ከኪሴ አወጣና ቁልፉን መልሶ መዳፌ ላይ አጠፈልኝ። «ለተጣበቡት ክፍሎች ሌላ ቤት እፈልግላቸዋለሁ» አለኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አልደበቅሁትም።

ሃምሳ አለቃው ግን ገና አልሄደም። በርጩማውን ገልብጦ ሥሩን ያያል። ተጠጋሁ። ሁለት ምልክት ጎን ለጎን ተተኩሷል። አንዱን፣ ለበዓሉ ከሊበን የመጡት አያትዬው ጠጋ ብለው አወቁት፤ ከብቶቻቸው የሚተኮሱበት የቤተሰባቸው ምልክት ነው። ሌላው ሦስት የታጠፉ መስመሮች ናቸው፤ ሃምሳ አለቃው ክንዱ ላይ የሰፋቸው የማዕረግ መስመሮች። አያትዬው ጣታቸውን በሳቸው ምልክት ላይ አሳለፉ። ሃምሳ አለቃውም በሱ ላይ። ሁለቱ ቋንቋ አይግባቡም ነበር።

ከዚያ ሃምሳ አለቃው ወደኔ ዞረ። ምን ሊለኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

«መምህር፣ ስንት ቀን ነው የሚቀበረው?» አለኝ።

«ከአርባ አያንስም።»

ራሱን ነቀነቀና በርጩማውን ብብቱ ሥር ከትቶ በዋናው መንገድ፣ ሙሉ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ፣ ወታደሩ ሁሉ እያየው ወደ ሰፈሩ ሄደ። ልጅቷም ከጎኑ። ጥንዷን፣ ያን ዝምተኛ ልጅ፣ ድርሻውን እንዲጠይቅ ብነግረው «የሁለታችን ነው፤ በየወሩ እንቀያየራለን ተባብለናል» አለኝ።

በዚያ ክረምት ለአባቴ ደብዳቤ ጻፍኩ። «የእንጨት ሥራ ነው የማስተምረው» ብዬ ጀመርኩና ሦስት ገጽ ሞላሁ።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ክፍሌን ልከፍት ስመጣ ሃምሳ አለቃው ከበሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ትከሻው ላይ ጆንያ አለ። ለአዲሶቹ ተማሪዎች ብሎ ከበረት ለበረት ዞሮ እበቱን ራሱ ዝቆ አምጥቷል።